ላሜራው ይቀጠቀጣል፤ ፕላስቲኩስ?

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ልገላገል፤ ኋላ ላይ ታሪክ ምናምን እያልኩ ወሬ ሳሳምር አንባቢ ጥፋተኛው ማን እንደነበር እንዳይረሳ። አንድ ቅዳሜ ማለዳ አሮጊቷን ቮልሴን በኋላ ማርሽ ከግቢ ሳወጣ፣ ዓይኔ መስተዋቱ ላይ መሆን ሲገባው እጄ ሬዲዮኑን ሲነካካ፣ የጎረቤቴ በር ጥግ የቆመች ሞተር ሳይክል ገጨሁ። ድምፁ እንኳ ይህን ያህል አልነበረም። “ቀጭ!” አለ፤ ሞተሯ በጎኗ ጋደም አለች። ወርጄ ሳይ የፊት መብራቱን አቅፎ እስከ ቤንዚን ታንከሩ የሚደርሰው ፕላስቲክ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ አንዱ ቁራጭ አስፋልቱ ላይ ወድቋል።

ባለሞተሩ ለጎረቤቴ መድኃኒት አድርሶ ሲወጣ ነው ያገኘኝ። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ይጮኻል፣ ይሳደባል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ እሱ ዝም ብሎ ጎንበስ አለና ስብርባሪውን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ፤ ሲኒ የሰበረ ሕፃን እናቱ ሳትመጣ እንደሚለቅመው።

“ጥፋቱ የኔ ነው፤ እከፍላለሁ” አልኩት።

“እሱስ ይሁን ጋሼ” አለኝ ቀና ሳይል። “ሞተሯ ግን የኔ አይደለችም።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሯ የሌላ ሰው ናት። ልጁ ሠራም አልሠራም በየቀኑ ለባለቤቷ የተወሰነ ገንዘብ ያስገባል፤ ከዚያ የተረፈው የእሱ ነው። ባለቤቷ ደግሞ እሁድ እሁድ ማታ ሞተሯን ዞሮ ይመረምራል። እንግዲህ የተሰነጠቀችው ፕላስቲክ ብቻ አይደለችም፤ እንጀራም ጭምር ነው።

በዚያው ዕለት ተያይዘን ሶማሌ ተራ ወረድን። መካኒኮቹ ያችን ፕላስቲክ “ካቨር” ይሏታል፤ ፈረንጆቹ “ፌሪንግ”። እኔ በዚህ ጽሑፍ የሞተሯ “ልብስ” እላታለሁ፤ ሥራዋም ስሟም እሱ ነውና። ባለሱቁ ዕቃውን አየና፣ ዋናው የሚመጣው ግራና ቀኙ በአንድነት መሆኑን፣ አንዱን ነጥሎ እንደማይሸጥ፣ ዋጋውም ይህን ያህል መሆኑን ነገረን። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም። ልጁ በወር ከሚያገኘው በላይ ነበር፤ እኔም ብሆን ከማስተማር ሥራ ከወጣሁ ወዲህ በጽሑፍ የምተዳደር ሰው ነኝና፣ ስሰማው ጉሮሮዬ ደረቀ ብል ይበቃል። አሮጌ ከሚሸጡት ዘንድ ያገኘነው ደግሞ ቀለሙ ሌላ፣ የመያዣ ጆሮዎቹም የተሰበሩ ነበር።

ያን ጊዜ ነው አፌን ያዳለጠኝ። “ለምን አናስጠግነውም?” አልኩ።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ከማለዳው ጀምሮ ቅሬታ የመሰለ ነገር ፊቱ ላይ ያየሁት ያኔ ገና ነው። “ጋሼ፣ መኪናዎ ብትሆን ያስለጥፏት ነበር?” አለኝ።

ቮልሴን አሳየሁት። የቀኝ ፓራፋንጎዋ ሁለት ጊዜ፣ በሯ አንድ ጊዜ ባትላሜራ ገብተዋል። ኮፈኗ ላይ ያለው ቀለም ራሱ ከሌላው ገላዋ ጋር ከተጣላ ስንት ዘመኑ። ልጁ ዞር ብሎ ተመለከታትና መልሱን ሰጠኝ፦ “እሷ ብረት ናት። ብረት ይቀጠቀጣል። ይሄ ፕላስቲክ ነው።”

መልስ አጣሁ። ቀኑን የሠራበትን ያህል ከፍዬ፣ ልብሷን ፈትቼ፣ ማታ ማታ ያለ ልብሷ ቀን ቀን እንዲሠራባት ተስማምተን ተለያየን… ይቅርታ፣ ተገላቢጦሽ ጻፍኩት፤ ማታ ለእኔ፣ ቀን ለእሱ ማለቴ ነው። በዚያ ምሽት በራሴ እጅ ሞከርኩ። ከሱቅ ሱፐር ግሉ ገዛሁ፤ ስንጥቁን አጣበቅሁ፤ ከላይ ስቱኮ ለቀለቅሁበት፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ። እሁድ ማታ ባለቤቷ መጥቶ አይቶ፣ “ደህና ነው” ብሎ ሄደ። ማክሰኞ ልጁ ደወለ፦ “ጋሼ፣ ተመልሶ ተከፈተ።” ስቱኮው እንደ ደረቀ ጭቃ ተፈርፍሮ፣ ስንጥቁ ከበፊቱ አንድ ጣት ረዝሞ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ያለችውን ነው።

የመምህርነት መጥፎ ልማድ አለ፤ ችግር ሲገጥመን መጽሐፍ እንገልጣለን። “ብረት ይቀጠቀጣል፤ ይሄ ፕላስቲክ ነው” የምትለው የልጁ አባባል እንቅልፍ ነሳችኝና የሞተር ሳይክልን ልብስ ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። ልጁ ሳያውቀው የአንድ መቶ ዓመት ታሪክ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናግሮ ኖሯል።

የመጀመሪያዎቹ ሞተር ሳይክሎች ራቁታቸውን ነበሩ። ልብሱ የመጣው ለውበት አይደለም፤ ነፋስን ለማታለል ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 1937፣ እኛ በጠላት እጅ በነበርንበት ዘመን፣ ኤርንስት ሄነ የተባለ ጀርመናዊ 500 ሲሲ ቢኤምደብልዩ ሞተር ሳይክልን ከራስ እስከ እግሯ አልብሶ፣ ከፍራንክፈርት ወደ ዳርምሽታት በሚወስደው አውቶባን ላይ በሰዓት 279.5 ኪሎ ሜትር በረረባት። ይህ ክብረ ወሰን እስከ 1951 ድረስ የሚነካው አልተገኘም። ከጦርነቱ በኋላ ጣሊያኖች ነገሩን የዕለት ሥራ አደረጉት። የሞቶ ጉዚ ኩባንያ በኮሞ ሐይቅ ዳር ባለችው ማንዴሎ ዴል ላሪዮ እ.ኤ.አ. በ1950 ሞተር ሳይክልን ከነጋላቢው የሚያስገባ የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ሠራ። ከዚያ የፊት ጎማውን ጭምር የሚውጡ የውድድር ልብሶች ወጡ። ጣሊያኖቹ “ደወል” አሏቸው፤ እንግሊዞቹ ደግሞ ለቅኔ ብዙም አይጨነቁምና “የቆሻሻ በርሜል”። ከጎን የሚመጣ ነፋስ ጋላቢውን ከመንገድ እያስወጣ ስላስቸገረ የዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን ከ1958 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከለከላቸው።

እነዚያ ልብሶች በአብዛኛው ከስስ ላሜራ በእጅ የተቀጠቀጡ ነበሩ። አንድ ሰው፣ አንድ መዶሻ፣ አንድ የእንጨት ቅርፅ። ውድድር ላይ ቢጨረመቱ ማታውን ያው ሰውዬ በያው መዶሻ ያቃናቸዋል። የሠራው እጅና የሚጠግነው እጅ አንድ ነበር ማለት ነው።

ብረትን ለተራው ሰው ያለበሰው ግን ሌላ ጣሊያናዊ ነው። ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ሳይክል አይወድም ነበር ይባላል፤ ያቆሽሻል፣ ጎማ ለመቀየርም ያስቸግራል ብሎ። የፒያጆ ኩባንያ ርካሽ የሕዝብ መጓጓዣ ሥራልኝ ሲለው ሞተሩን ከብረት ልብስ ሥር ደበቀና እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓ ተወለደች። የቬስፓ ልብስና አጥንት አንድ ነው፤ የታጠፈው ላሜራ ራሱ ሸክሙን ይይዛል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ባለ ሦስት እግሯ እህቷ “አፔ” ተከተለች። በ1960ዎቹ ደግሞ ባጃጅ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ከፒያጆ ባገኘው ፈቃድ ቬስፓን በሕንድ አገር ይሠራ ጀመር። የኩባንያው ስም ዛሬ ለእኛ የተሽከርካሪ ዓይነት ስም ሆኖ ከሐዋሳ እስከ ባሕር ዳር ይጠራል። የዘር ሐረጓን ለሚቆጥር ሰው፣ ባጃጅ የቬስፓ የእህት ልጅ ናት።

የእኛም የጥገና ቋንቋ ከዚያው መንደር የመጣ ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሲወጣ መሣሪያውን ሁሉ ይዞ አልሄደም፤ ከባለሙያዎቹም የቀሩ ነበሩ፤ ቃላቱም ቀሩ። ጎሚስታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ፓራፋንጎ… ጋራዥ የገባ ሰው ሳያውቀው ጣሊያንኛ ይናገራል። ከሁሉ የምወዳት ግን “ባትላሜራ” ናት። “መቀጥቀጥ” እና “ላሜራ” የሚሉ ሁለት ቃላት ተጣምረው ሙያ ሆኑ። “ብርጭቆ ወረቀት” የምንላትም ጣሊያኖቹ “ካርታ ቬትራታ” የሚሏትን ቃል በቃል አማርኛ አልብሰን ነው። እንግዲህ የጥገና መዝገበ ቃላታችን የተጻፈው በብረት ዘመን ነው። ለፕላስቲክ የሚሆን ባትላሜራን የመሰለ ቃል የለንም። ልጁ “ይሄ ፕላስቲክ ነው” ሲለኝ “ለዚህ ስም ያለው ሙያ የለም” ማለቱ ነበር።

ከብረት ወደ ፕላስቲክ ግን በአንድ ሌሊት አልተሻገርንም። በመካከል ፋይበር ግላስ አለ፤ የመስተዋት ክር ጨርቅ በሙጫ ተነክሮ የሚደርቅ። እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 የእንግሊዙ ቪንሰንት ኩባንያ “ብላክ ናይት” እና “ብላክ ፕሪንስ” የተባሉ ሞተሮቹን በፋይበር ግላስ ሸፍኖ አወጣ፤ በ1955 መጨረሻ ሞተር ሳይክል መሥራቱን አቆመ እንጂ ሐሳቡ አልሞተም። የፋይበር ግላስ ጥቅሙ ትልቅ ፋብሪካ አለመፈለጉ ነው። አንድ ናሙና፣ አንድ ቅርፅ ማውጫ፣ ጨርቅና ሙጫ ካለ ማንም ጓሮው ውስጥ ይሠራዋል። ሲሰነጠቅም ከጀርባው ሌላ ጨርቅ በሙጫ ይደረብበታል። ባለመዶሻው ወደ ባለብሩሽ ተለወጠ እንጂ ጥገናው ገና ከሰው እጅ አልወጣም።

ከእጅ ያወጣው እንደ ፈሳሽ ቀልጦ በከፍተኛ ግፊት ብረት ቅርፅ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ ነው። እዚህ ላይ ታሪክ ቀልድ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1958 ሆንዳ “ሱፐር ከብ” የተባለችውን ትንሽ ሞተር ሲያወጣ የፊት ጭቃ መከላከያዋንና የእግር መሸፈኛዋን ከፕላስቲክ ሠራ፤ ቀላልና ርካሽ ስለሆነ። ለማን? ሶይቺሮ ሆንዳና ባልደረባው በዓይነ ሕሊናቸው ከሳሏቸው ደንበኞች አንዱ “ሶባ” የተባለውን የጃፓን ፓስታ በአንድ እጁ ተሸክሞ በሌላው እጁ የሚነዳ የምግብ ቤት ተላላኪ ነበር። ፍሪሲዮኗን በእጅ የማያስነካ አድርገው የሠሩትም ለእሱ ብለው ነው። የፕላስቲክ ልብስ ገና ከጥንስሱ የተሰፋው ለዕቃ አድራሽ ነበር ማለት ነው! የሱፐር ከብ ቤተሰብ በ2017 ከ100 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል።

ርካሿ ልብስ ታዲያ ምን ነክቷት ተወደደች? መልሱ ያለው ቅርፅ ማውጫው ላይ ነው። የብረት ቅርፁን መሥራት እጅግ ውድ ነው፤ ከተሠራ በኋላ ግን እያንዳንዱ ልብስ በሽርፍራፊ ሳንቲም ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1987 ሆንዳ ሲቢአር የተባሉትን ሞተሮች ሞተራቸው እስከማይታይ ድረስ በፕላስቲክ ሲሸፋፍናቸው ሌሎችም ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ ልብስ የሚወለደው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቅርፁ ያለበት ፋብሪካ። ሶማሌ ተራ ላይ የምንከፍለው የፕላስቲኩን ዋጋ አይደለም። የመርከቡን፣ የቀረጡን፣ የዶላሩን፣ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ገዢ የጠበቀበትን ጊዜ ነው። የሠራው እጅና የሚጠግነው እጅ ውቅያኖስ ተለያየባቸው። ሀብታም ይህን ልዩነት በገንዘብ ይሞላዋል። ድሃው በምን ይሙላው?

መልሱን ያገኘሁት መጽሐፍ ውስጥ አይደለም። ልጁን የሚያውቅ አንድ ጎሚስታ ጠቁሞን መርካቶ ውስጥ ካለች አንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ገባን። ባለሙያው ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። የእኔን የእጅ ሥራ አገላብጦ አየና፣ “ይሄን ማነው የሠራው?” አለ። ልጁ ወደ እኔ አላየም፤ እግዜር ይስጠው። “አንድ የማይችል ሰው” አልኩ።

“ፋዘር፣ ፕላስቲክ ከመንካት በፊት ስሙን መጠየቅ ነው” አለኝ።

እውነትም ጠየቀው። ልብሱን ገለበጠና በውስጥ በኩል፣ አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠርጎ፣ ሦስት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት አሳየኝ፤ “ኤ ቢ ኤስ” ይላሉ። ይህን ያህል ጊዜ ሳንቃው ውስጥ ስሙን ጽፎ ይጠብቀኝ ኖሯል፤ እኔ የጽሑፍ መምህሩ አላነበብኩም! ፊደሉ ቢጠፋስ? አንዲት ፍርፋሪ ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ጣለ፤ ሰመጠች። ብትንሳፈፍ ሌላ ዘር ናት አለ፤ “ፒ ፒ” የሚሏት፤ እሷ ሙጫ አትቀበልም፣ በአሴቶንም አትሟሟም፣ በራሷ ዓይነት ፕላስቲክ እየቀለጠች ካልተበየደች በቀር። ይቺ ግን አሴቶን ታውቃለች። የሕፃናት መገጣጠሚያ መጫወቻ የሆነው ሌጎ ከ1963 ጀምሮ የሚሠራው ከዚሁ ከኤ ቢ ኤስ መሆኑን እኔም አንብቤ ነበርና ነገርኩት፤ በሌላ አገር የልጅ መጫወቻ አሟሙተው ሞተር ይጠግናሉ ብዬ። “እዚህ ስብርባሪው ራሱ ሞልቷል” ብሎ ዘጋኝ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የሥራውን ቅደም ተከተል ሳይ ነው። ልብሱን ወደ ጎን አስቀመጠና ወደ ሞተሯ ሄደ። መብራቱን የያዘችውን ጣት የምታህል የብረት መያዣ በጣቱ ዳሰሳት። ጠምማለች። ያን ቀን እኔ ስገፋት ነው የጠመመችው። “ይሄን ሳላቃና ብሰፋው ነገ ራሱ ይቀደዋል” አለ። “አዲስ ገዝታችሁ ብትገጥሙበትም ያው ነበር። አዲሱም ይሰነጠቃል።” በመዶሻ፣ በቀስታ፣ እየለካ አቃናት። ባትላሜራ ነው እንግዲህ! የብረቱ ዘመን ሙያ ለፕላስቲኩ ዘመን መሠረት ሆኖ አየሁት።

ከዚያ ወደ ልብሱ ተመለሰ። የእኔን ስቱኮ እስከ መጨረሻው ፋቀ። በስንጥቁ ጫፍ ላይ በቀጭን ትራፓኖ አንዲት ቀዳዳ በሳ፤ ስንጥቅ ጫፉ ሹል ሲሆን ይሮጣል፣ ክብ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። የስንጥቁን አፍ ለኩሎ አሰፋው። የአሮጌ ልብስ ፍርፋሪ በአሴቶን አሟሙቶ ያዘጋጀውን ወፍራም ገንፎ ሞላበት፤ በሩን ከፍቶ፣ እሳትና ሲጋራ ከልክሎ፣ ሽታው አደገኛ ነውና። ሲደርቅ ከጀርባ የወንፊት ሽቦ ቆርጦ በሬዲዮ ጠጋኞች መበየጃ እያቀለጠ ፕላስቲኩ ውስጥ ቀበረው፤ እንደ ቤት ፌሮ። ወዲያው ቀለም እንዲቀባው ልጁ ሲለምነው እምቢ አለ፤ አሴቶኑ እስኪተን አንድ ቀን ያድራል። በማግሥቱ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ በውሃ እያራሰ አለሰለሰው፤ በሳሙና አጥቦ ቅባቱን አስለቀቀና ቀባው። የቀለሙ መልክ ፀሐይ ላይ ሲታይ ትንሽ ይለያል። ያስከፈለን ገንዘብ ግን ሶማሌ ተራ ከተጠየቅነው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ሁሉን ይጠግናል እንዳትሉኝ። እኛ እያለን አንድ ሌላ ሰው ያመጣለትን መልሶታል። መሪውን ሲያዞሩ የሚነካ ወይም ቢላቀቅ ጎማ ውስጥ የሚገባ ክፍል ከሆነ፣ ግማሹም ከጠፋ፣ “ይሄ ይገዛል” ይላል። ገንዘብ እየቀረበት ነው እንዲህ የሚለው። ርካሽ ጥገናና የርካሽ ሰው ጥገና ይለያያሉ።

ከዚያ ወዲህ የልጁን ጥያቄ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፦ “መኪናዎ ብትሆን ያስለጥፏት ነበር?” ጥያቄው ስለ ፕላስቲክ አልነበረም። ለሌላው “ይበቃሃል” የምንለው ነገር ለራሳችን ይበቃናል ወይ ነው የጠየቀኝ። ብዙ ጊዜ ድሃን “አስጠግን” የምንለው እኛ አዲስ እየገዛን ነው፤ ለዚህ ነው ጥገና የሚለው ቃል እንደ ስድብ የሚሰማው። እኔም ሱፐር ግሉ ለለቅኩበት ልብስ “ተጠገነ” ስል ስድብ ነበር፤ ሰውየው ብረቱን አቃንቶ፣ ስሙን ጠይቆ፣ አንድ ቀን አሳድሮ የሠራው ግን ክብር ነው። የሁለቱ ልዩነት ገንዘብ ሳይሆን ዕውቀትና ትዕግሥት ነው። ፋብሪካው ከእጃችን የወሰደውን መልሶ የሚያመጣው ይኸው ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች ለካ ለእኔ ነው።

ከወራት በኋላ ያው ልጅ አንድ የታሸገ መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። ቮልሴ ግቢ ውስጥ መሆኗን አረጋግጦ ነው ሞተሯን ያቆመው። የቀኙ ልብስ እንደነበረ አለ። ግራው ላይ ግን አዲስ የስፌት መስመር አየሁ፤ ያልተቀባ፣ ትንሽ ጎርበጥ ያለ፣ ግን የጠበቀ።

“ይሄ ደግሞ ምን ሆነ?” አልኩት ደንግጬ።

“ጠጠር አንሸራቶኝ ወደቅሁ። እኔው ነኝ የሠራሁት።”

“መያዣ ብረቷንስ?”

“መጀመሪያ እሷን ነው ያቃናሁት” አለና ሄልሜቱን እያጠለቀ ሳቀ። “ስሟንም ጠይቄያታለሁ ጋሼ።”